ዘንድሮ የትኛው ዘንድሮ ነው?

ባለፈው ፋሲካ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሳለሁ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር የሰፈራችን ልጅ እናቴ ቤት ቡና ላይ አገኘችኝ። የመመረቂያ ሥራዋ ቻትቦት ነው፤ የነገሩትን ለወራት የሚያስታውስ። ገና አቦሉን ሳንጨርስ ጥያቄዋን አወረደችው፦ «ጋሼ፣ ለትውስታው የትኛውን ቬክተር ዳታቤዝ ላገናኝ? ፓይንኮንን፣ ሚልቨስን ወይስ ኳድራንትን?»

«ፖስትግሬስ ላይ ፒጂቬክተርን ጨምሪና እርሺው» አልኳት። ቅር አላት። ሦስቱን ስታወዳድር ሁለት ሳምንት ከርማለች፤ እኔ ልፋቷን በአንድ ቃል ዘጋሁባት። እስከ በረካው ድረስ ተከራከርን። ይህን ያስጻፈኝ ያ ክርክር ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። እኔ ለአጎቴ ቦት ሠርቻለሁ። አጎቴ ሮቢት ላይ ማሾና ሽንኩርት ይነግዳሉ። ቦቱ በቴሌግራም የሚነግሩትን ይይዝላቸዋል፦ ከማን ስንት ኩንታል እንደተረከቡ፣ ለማን ዘር በዱቤ እንደሰጡ፣ የትኛው ሹፌር ቀጥሮ እንዳስቀራቸው። በገበያ ቀን ቢበዛ 30 ነገር ይነግሩታል። አሁን የምጠቀምበት ኢምቤዲንግ ሞዴል፣ ቢጂኢ-ኤም3፣ እያንዳንዱን ነገር ወደ 1024 ቁጥሮች፣ ማለትም ወደ አንድ ቬክተር፣ ይለውጠዋል። አንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ አንዱ ትውስታ 4 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። በየቀኑ 30 ቢነግሩት እንኳ በዓመት 11 ሺህ አይሞላም፤ ቢደመር 45 ሜጋባይት ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ከዚያ ይበልጣል። ያለ ምንም ኢንዴክስ አንድ በአንድ ቢነጻጸር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። እነዚያ የተራቀቁ ዳታቤዞች የተሠሩት ለሚሊዮኖችና ለቢሊዮኖች ነው። ለአንድ ነጋዴ ትውስታ እነሱን ማማረጥ፣ እህሉ ይንቀዝ አይንቀዝ ሳያዩ ጆንያ ማማረጥ ነው።

እህሉን የምታነቅዘው ደግሞ፣ እኔ እንዳየሁት፣ «ዘንድሮ» የምትባል ቃል ናት።

በሰኔ 2015 አጎቴ በአንድ ደንበኛቸው ተናደው ቦቱን እንዲህ አሉት፦ «ዘንድሮ ለዚያ ለቆላው ሰውዬ ዘር በዱቤ አልሰጥም።» ቦቱ ቃል በቃል መዘገበ። በሰኔ 2017 ያው ሰውዬ ግመሉን እየሳበ መጣ። አጎቴ ደንበኛቸው ብዙ፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ነውና ስልካቸውን አውጥተው «ለቆላው ሰውዬ ዘር በዱቤ ልስጥ?» ብለው ጠየቁ። ቦቱ ሳያመነታ «ዘንድሮ ለእሳቸው በዱቤ እንደማይሰጡ ነግረውኛል» አለ። ሰውዬው ባዶ ጆንያውን ጭኖ ተመለሰ።

ሰውዬው ግን ዕዳውን ከዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ያም እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፦ «የግመሉ ባለቤት ሒሳቡን ጨረሰ።»

ማታ አጎቴ ደወሉልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ የሠራህልኝ ነገር ቂመኛ ነው» አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሰውዬው ያን ቀን ከሌላ ነጋዴ ዘር ወሰደ፣ ደንበኝነቱም እዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፍለጋው እንደተሠራው ሠርቷል። የአጎቴ ጥያቄና የ2015ቱ ንግግር በቃል ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም፤ ስለዚህ ቬክተራቸው ተቀራርቦ ከላይ ወጣ። «ሒሳቡን ጨረሰ» የሚለው በሌላ ቃል፣ በሌላ መጠሪያ የተነገረ ነውና ከሥር ተቀበረ። ቬክተር የነገርን መመሳሰል እንጂ ማለፉን አያውቅም። አሉታንም ቢሆን በቅጡ አያይም፦ «እሰጣለሁ» እና «አልሰጥም» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ስለ መስጠት ናቸውና።

የሙያ ጓደኞቼ ለዚህ ሁለት መድኃኒት አላቸው፤ ሁለቱም አይዋጡልኝም። አንዱ «አሮጌውን ትውስታ በዕድሜው ልክ አደብዝዘው» ይላል፤ ወር ባለፈ ቁጥር ነጥቡ ይቀንስ ማለት ነው። ነገር ግን ማርጀትና መሻር አንድ አይደሉም። አጎቴ ከአሥር ዓመት በፊት ለጎረቤታቸው የገቡት የድንበር ቃል ዛሬም ይሠራል፤ ትናንት የተነገረ የሽንኩርት ዋጋ ግን ዛሬ ዋጋ የለውም። ሌላው ደግሞ «አሁን ሞዴሎቹ ሚሊዮን ቶክን ይይዛሉ፤ ዳታቤዝ ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም ጫንበት» ይላል። አማርኛ በቶክን ሲቆረጥ ከእንግሊዝኛ እጥፍ ድርብ እንደሚፈጅ ሒሳቡን የከፈለ ያውቃል። ወጪውን ብንተወው እንኳ፣ ሁሉን ብትጭነው ያ ቀን የሌለው «ዘንድሮ» አብሮ ይጫናል።

መፍትሔው በሚፈለግበት ሰዓት ሳይሆን በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ዛሬ ያ የአጎቴ ንግግር ቢመጣ እንዲህ ሆኖ ይገባል፦ «በሰኔ 2015 ባለቤቱ ወሰኑ፤ ለ2015/16 ምርት ዘመን ለግመሉ ባለቤት ዘር በዱቤ አይሰጥም። ምክንያቱ ያልተከፈለ ዕዳ። የሚያበቃው ዕዳው ሲዘጋ ወይም ምርት ዘመኑ ሲያልፍ።» የተናገሩት ቃልም እንዳለ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ትርጉሜ ቢሳሳት ማመሳከሪያ ይሆነኛል። «ሒሳቡን ጨረሰ» ሲመጣ ቦቱ የፊተኛውን አይሰርዝም፤ «ተሽሯል፣ በዚህ ቀን» ብሎ ምልክት ያደርግበታል።

በአማርኛ ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አምና፣ ካቻምና፣ ከርሞ፣ በቀደም፣ ሰሞኑን፤ ቋንቋችን ጊዜን ከተናጋሪው እግር ሥር ሆኖ ነው የሚለካው። ዓመታችን መስከረም 1 ይገለበጣል፤ የኮምፒውተሩ ዓመት ግን ታኅሣሥ ውስጥ ነው የሚዞረው። ማሾ ደግሞ ሐምሌ ተዘርቶ የሚሰበሰበው አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው፤ አንድ ማሾ ሁለት ዓመት ይረግጣል። በጥቅምት «የዘንድሮ ማሾ» ያለ ገበሬ ካላንደር አላየም፤ መኸሩን ነው ያየው። ስለዚህ ቦቴ ሲጠራጠር ይጠይቃል፦ «የትኛውን ማለትዎ ነው?» አጎቴ መጀመሪያ ሰለቻቸው፤ አሁን ለምደውታል።

ሰዓቱም እንዲሁ አዋርዶኛል። አንድ ጊዜ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መኪናው ይመጣል፣ ቀስቅሰኝ» ብለውት ሦስቱን እንዳለ ወሰደ። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚሄድ ስልካቸው የጮኸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ቀድመው መጋዘን በር ላይ ቆሙ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የኢንተርኔቱ መጥፋት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አጎቴ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ፤ ባለ ካሬ ደብተር፣ ሽፋኑ በሽንኩርት ቅርፊት የቀላ። መስመሩ ሲመለስ ልጃቸው የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብላ ለቦቱ ገለበጠችለት። «ዛሬ 5 ኩንታል ማሾ ተረከብኩ»፣ «ዛሬ 3 ኩንታል ተረከብኩ»፣ «ዛሬ…» እያለ ይወርዳል። ቦቱ የወራቱን ማሾ በሙሉ በዚያች ቅዳሜ አራግፎ አስገባው። አጎቴ «በአንድ ቀን ከፍተኛው የተረከብኩት ስንት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ የሰጣቸውን ቁጥር መጋዘናቸው አይችለውም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ትውስታ ሁለት ቀን አለው፦ ነገሩ የሆነበትና ወደ መዝገብ የገባበት። የመረጃ ቋት ሊቃውንት ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ እኔ የተማርኩት ከሽንኩርት ደብተር ነው።

ሦስተኛውን ትምህርት የሰጡኝ አፋሮች ናቸው። ከሮቢት ወደ አዋሽ በኩል ሲወረድ አገሩ የእነሱ ነው፤ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ባለው የሰንበቴ ገበያ እሁድ እሁድ ከአርጎባው፣ ከኦሮሞውና ከአማራው ጋር ይገናኛሉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ብለው አይተላለፉም፤ ዳጉ ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ለይቶ። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሻግራል፤ ያበላሸ ይጠየቅበታል። በረሃው ውስጥ ውኃ የት እንዳለ፣ ግጦሽ የት እንደለመለመ በዚህ ነው የሚታወቀው፤ ወሬው ቢዛባ ከብት ያልቃል።

በአማርኛ ይህን ልዩነት የምትሸከመው አንዲት ትንሽ ቃል ናት፦ «አሉ»። አጎቴ «የሽንኩርት ዋጋ ሊወድቅ ነው አሉ» ብለው ነገሩት። ንግግሩን አሳጥሮ እንዲያስቀምጥ ያዘዝኩት ሞዴል «አሉ»ን ቆርጦ ጣላት፤ መዝገቡ ላይ የቀረው «የሽንኩርት ዋጋ ይወድቃል» የሚል እርግጠኛ ቃል ነው። የገበያ ሐሜት የአጎቴ እምነት ሆነ። አሁን «ማን አለ» እና «አይቶ ነው ሰምቶ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉኝ። ዳጉ የሚቀመጥ ሰው ያለ እነሱ ወሬ አይቀበልም፤ እኛ ግን በየቀኑ እንቀበላለን።

ስምን በተመለከተ አጭር ላድርገው፤ በቬክተር ብቻ አትፈልጉት። በአካባቢያችን በይፋት መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ ተብሎ የሚጻፍ ስም አለ፤ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ አራትም ሊሆን ይችላል። ሸዋ ሮቢት ራሷ በአንድ ደብተር ውስጥ ሸዋሮቢት፣ ሮቢትና ሮቢ ሆና ትገኛለች። ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ አምጥቶ የቃል ፍለጋን ከቬክተሩ ጎን ማሰለፍ ግድ ነው። መርሳትንም አትርሱ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «አጥፋልኝ» ያለ ሰው መብት አለው። ሲጠፋ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ቬክተሩም መጥፋት አለበት።

ይህ የ«ዘንድሮ» ጣጣ ግን ከአጎቴ ሽንኩርት አልፎ ወደ ራሴ መጣ። ቀን ተርጓሚውን ፕሮግራም ስጽፍ መሞከሪያ የሚሆን እውነተኛ ንግግር አስፈለገኝ። የሰው ንግግር መበርበር ስላልፈለግኩ ከእህቴ ጋር የተጻጻፍኩትን የዓመታት ቴሌግራም አወረድኩና ጫንኩት። ፕሮግራሙ «ዘንድሮ» ያለበትን ሁሉ እየለቀመ፣ ዓመቱን እየተካ ዘረዘረልኝ። «ለእማዬ ንገሪያት፣ በ2010 ለፋሲካ እመጣለሁ።» «በ2011 ለፋሲካ እመጣለሁ።» «በ2012…» እስከ 2014 ድረስ አምስት መስመር፣ አንዱ ከአንዱ የሚለየው በቁጥሩ ብቻ። ስጽፋቸው ሁሉም «ዘንድሮ» ነበሩ፤ በዚያች ቃል ውስጥ አንድም ውሸት አልታየኝም ነበር። ቁጥር ሲለብሱ ግን አምስት ያልተፈጸመ ቃል ሆኑ። ስክሪኑን ዘግቼ ወጣሁ።

ባለፈው ፋሲካ፣ ተማሪዋ ልጅ ከሄደች በኋላ፣ ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ከሲኒው ላይ ቀና ሳትል «የ2012ቱ በኮሮናው ነው፤ የ2013ቱ በአጣዬ ግጭት መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ «የሦስቱን ግን አንተ ታውቃለህ» ጨመረችበት። ቀኑ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ የማታውቀውንም አላውቅም ብላ ለባለቤቱ ትታለታለች። አንድም ቬክተር አላስፈለጋትም።

ልጅቷ ቤቷ ስትደርስ «ፒጂቬክተር ጭኛለሁ፣ ቀጥሎስ?» ብላ ጻፈችልኝ። ማን አለ፣ መቼ ሆነ፣ መቼ ተመዘገበ፣ አይቶ ነው ሰምቶ፣ እስከ መቼ ይሠራል የሚሉ አምስት ዓምዶች እንድትጨምር መለስኩላት። ለእናንተም፣ ይህን ሥራ ለምትሠሩ፣ አንድ አደራ አለኝ፦ ዛሬ ማታ ዳታቤዛችሁን ክፈቱና «ዘንድሮ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ስንት እንደሆነ ቁጠሩት። ከዚያ እያንዳንዱን የትኛው ዘንድሮ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁት።