ጊልበርት የተሳሳተው የቱ ጋ ነው?

የአሜሪካዊውን የሥነ ምድር ተመራማሪ የግሮቭ ካርል ጊልበርትን ስም ስታነሱ «የሰማይ ድንጋይ የቆፈረውን ጉድጓድ አይቶ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው ያለው ሰውዬ» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ብሏል። ግን በዚህ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው። በ1877 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዩታ ሄንሪ ተራሮች ያሳተመው ሥራ፣ ቅልጥ ዓለት ገጸ ምድር ሳይደርስ በንብርብሮች መሀል ገብቶ የላዩን ዓለት እንደ ጉልላት እንደሚያነሳ ያሳየ ነው።

ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። አሪዞና ውስጥ ነው፤ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 170 ሜትር ያህል። ዙሪያውን ከሰማይ የወደቀ ብረት ስብርባሪ ተበትኗል። ጊልበርት በ1891 እዚያ ሲሄድ ሁለት መላምት ይዞ ነበር፤ ወይ ትልቅ የብረት አካል ወድቋል፣ ወይ የታመቀ እንፋሎት ፈንድቷል። ብረቱ ከሥር ተቀብሮ ከሆነ ኮምፓስ ይረበሻል፤ ቦታም ስለሚይዝ በጠርዙ ላይ የተከመረው አፈርና ድንጋይ ጉድጓዱን ሞልቶ ይተርፋል። ለካ። ኮምፓሱ ንቅንቅ አላለም፤ ክምሩም ከጉድጓዱ ጋር እኩል ሆነ። በቃ፣ እንፋሎት ነው አለ። የብረቱ ስብርባሪ እዚያው መገኘቱስ? አጋጣሚ!

እዚህ ላይ እኔም አልለቀውም። ልኬቱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከልኬቱ በፊት ያለው ሐሳብ ነው። የወደቀው ነገር እንደ ጥይት ተቀብሮ ይቀራል ብሎ ገመተ፣ ይህን ግምት ግን አልፈተነውም። በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ አካል መሬት ሲመታ ራሱ ይፈነዳል፤ አብዛኛው ይቀልጣል፣ ይተናል። ከራሱ እጅግ የሚሰፋ ጉድጓድ የሚቆፍረውም ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ በ1892 ጨረቃን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ከርሞ ጉድጓዶቿ በግጭት የተፈጠሩ ናቸው ብሎ በ1893 ጻፈ። ልክ ነበር! ግን ያው ክፍተት እዚያም ተከተለው። ጉድጓዶቹ ለምን ክብ ሆኑ? አግድም የመጣ ድንጋይ ሞላላ ጉድጓድ ይተዋል ብሎ ስላሰበ፣ በምድር ዙሪያ የትናንሽ ጨረቃዎች ቀለበት ነበረ ብሎ መላ ፈጠረ። ፍንዳታ ግን ድንጋዩ በሰያፍም ቢመጣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ጉድጓድ ነው የሚተወው።

በ1896 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የአሪዞናን ምርመራ አንድ በአንድ ይተርካል፤ መደምደሚያውንም አዲስ ማስረጃ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። እናንተም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ የተሳሳተበትን ቦታ በጣታችሁ መጠቆም ትችላላችሁ እኮ።

ዳንኤል ባሪንጀር ደግሞ ከ1903 ጀምሮ ጉድጓዱ የግጭት ነው ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነበር። ታዲያ እሱም ብረቱ ከሥር አለ ብሎ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያስቆፍር ኖረ።