ጎርባጣ ስሞችና የሚታደሰው ከተማ

ሕዝብ በቃል ከሚፈጥራቸው የጥበብ ሥራዎች መካከል በየዕለቱ በሰው አፍ የሚመላለሰው፣ ነገር ግን ሂስ እምብዛም የማይጻፍበት የሰፈር ስም ነው። ቅኔው፣ ቀረርቶው፣ ተረቱና ምሳሌያዊ አነጋገሩ ሰብሳቢና ተንታኝ አግኝተዋል። የሰፈር ስም ግን የአድራሻ መግለጫ ወይም የታክሲ ረዳት ጥሪ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ ይዘቱና ቅርፁ በሚገባ አልተመረመረም። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቄራው፣ ከእህል ጎተራው እስከ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ድረስ በሠራተኛ ክንድ በተገነባችው በአዲስ አበባ ይህ ቸልታ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የከተማይቱ አሮጌ ሰፈሮች በመልሶ ማልማት እየፈረሱ ባሉበት በአሁኑ ወቅት ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚወድቀው ምን እንደሆነ፣ ከፍርስራሹ መካከል ተለይቶ መነሣት ያለበትስ ምን እንደሆነ ለማወቅ መመዘኛ ያስፈልጋል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ጎርባጣ በሆኑት ስሞች ላይ ነው። እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባራ ባቡር፣ ቆሼ የተባሉት ስሞች በሠርግ መጥሪያ ላይ ሲጻፉ የሚያሳቅቁ፣ በሆቴል ግንባር ላይ ቢሰቀሉ እንግዳ የሚያሸሹ ይመስላሉ። ስለ እነዚህ ስሞች ሁለት ዓይነት አመለካከት ይደመጣል። አንደኛው ስሙን የድህነትና የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ በመቁጠር ከደሳሳው ጎጆ ጋር አብሮ እንዲጠረግ ይፈልጋል። ሁለተኛው ስሙ ቅርስ ነው በማለት እንደ ሙዚየም ዕቃ ሳይነካ እንዲቀመጥ ይሻል። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የጋራ ጉድለት አላቸው፤ ይኸውም ስሙን ከተናጋሪው ሕዝብ ነጥለው ማየታቸው ነው። የሰፈር ስም ዋጋው የሚለካው ማን እንዳወጣው፣ ስለ ምን እንዳወጣውና ያወጣው ሕዝብ ዛሬ የት እንዳለ በመጠየቅ ነው።

የአዲስ አበባ ስሞች በአንድ ዘመንና በአንድ እጅ የወጡ አይደሉም። ከሥር ያለው ንብርብር ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የነበረው የኦሮምኛ ስም ነው፤ ዛሬም የሚጠሩት ጉለሌና ላፍቶ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በዚያ ላይ የመኳንንቱ ስም ተደረበ። ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ የመጣው ሹም በተሰጠው ቦታ ከነሠራዊቱና ከነአሽከሩ ሲሰፍር ቦታው በእርሱ ስም ተጠራ፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ። የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የኖሩበትም ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ በ1979 ዓ.ም. የከተማይቱን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ላይ ባቀረቡት ጥናት የእነዚህን ቀደምት ሰፈሮች አመሠራረት መርምረዋል። የታሪክ ምሁሩ የድርሻቸውን ሲወጡ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ግን ሦስተኛውን ንብርብር፣ ማለትም ሕዝቡ ከገጠመኙና ከኑሮው ተነሥቶ ራሱ ያወጣውን ስም የመመርመር ዕዳ አለበት።

ይህ ሦስተኛ ንብርብር ከመኪናና ከፋብሪካ መምጣት ጋር የተሳሰረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ ባቡር ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። መኪናው ተበላሽቶ የቆመበት አካባቢ ሰባራ ባቡር ተባለ። የዘመኑ ሹማምንት የሥልጣኔውን መሣሪያ መምጣት ሲያደንቁ ሕዝቡ የመዘገበው መሰበሩን ነው። በሁለት ቃል አድናቆትም ፌዝም ተጣምሯል። እንዲሁም ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው ጣቢያ በተተከለ ጊዜ ሕዝቡ ረቂቁን ቴክኒክ በሚያውቃቸው ሁለት ቃላት ያዘው፤ ሽቦ የሌለውን ስልክ የሚሸከመው ነፋስ ነውና ቦታው ንፋስ ስልክ ሆነ። የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ለገሐር፣ በ1928–1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት አኅጽሮተ ስም «ካዛ ኢንቺስ» ደግሞ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ወራሪው ለራሱ ሰዎች የሠራው ሰፈር ስም በአገሬው አንደበት ተጨምቆ የባዕድነት ጣዕሙን አጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ንፋስ ስልክ በቃል ደረጃ ሲታይ ከሰባራ ባቡር ያነሰ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ላፍቶ ከሚለው ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሲሆን ያፈረበት ሰው አልተሰማም። ስለሆነም ጎርባጣነት የቃሉ ባሕርይ አይደለም። ስምን ጎርባጣ የሚያደርገው በስሙ ውስጥ የተያዘው የኑሮ ትዝታ የሚያሳፍረው ሰው መኖሩ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚያፍረው? ስለ ምንስ?

እሪ በከንቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስም ነው። በአገሩ ልማድ እሪታ ተራ ጩኸት አይደለም፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ እንዲደርስ የሚያስገድድ የድረሱልኝ ጥሪ ነው። «በከንቱ» የሚለው ቃል ሲከተለው በሁለት ቃል ሙሉ ድራማ ይቆማል፤ የሚጮኽ ሰው አለ፣ ሰምቶ ያልደረሰ ጎረቤት ወይም ሹም አለ፣ በመጨረሻም ፍርድ አለ። ስለ ስሙ አመጣጥ የሚተረከው ወግ ምንም ይሁን ምን ቃሉ ራሱ ክስ ነው። ክሱም የቀረበው በሰፈሩ ኗሪ ላይ ሳይሆን እሪታውን ሰምቶ ባልመጣው ላይ ነው። ከዚህ አንፃር ሲታይ በስሙ ማፈር ያለበት ሰፈረኛው አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ጎርባጣ ስም ሁሉ በጥበብ እኩል አይደለም። ዶሮ ማነቂያ የዚህን ያህል ጥልቀት የለውም። ቀልዱ ፈጣንና ሸካራ ነው፤ የጠባብ ቦታንና የጓዳን ኑሮ ምስል ወደ አእምሮ ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አይራመድም። ሂስ ሁሉንም በአንድነት ቅርስ ብሎ ከማሞገስ ይልቅ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማሳየት ይኖርበታል። በአንፃሩ ቆሼ ላይ ላዩን ከሁሉም የባሰ ቆሻሻ ስም መስሎ ሳለ በቅርፁ እጅግ የረቀቀ ነው። አበበን አቤ፣ ተሾመን ተሼ ብሎ የሚያቆላምጠው አንደበት ቆሻሻን ቆሼ አለው። የከተማው ሁሉ ጥራጊ የሚደፋበት ቦታ ከዚያው ለቅሞ ለሚያድር ሰው እንጀራው ነውና እንደ ቤተ ዘመድ በቁልምጫ ተጠራ። ምሬትና ፍቅር በአንድ ቃል እንዲህ የተዋሐዱበት ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በ2010 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ከደረቅ ቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ የተሰጠው መጠሪያ ግን ረጲ የሚለው የቦታው ስም ነበር። ረጲ ንጹሕና ለጽሑፍ የሚስማማ ስም ነው፤ ነቀፋም አያሻውም። ነገር ግን የሟች ቤተሰብ የሚያለቅሰው ቆሼ ብሎ ነው። ንጹሑ ስም የፋብሪካውን ሥራ ለመግለጽ ይበቃል፤ ኀዘኑን ለመሸከም ግን አቅም የለውም። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ቢጻፉ ኖሮ ጣቢያው የሚያመነጨው ብርሃን ምን ከተከፈለበት ምድር እንደወጣ ሁሉም ባወቀ ነበር።

ስምን በቁጥር መተካትም ታሪክ አለው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ኗሪው በቀበሌ ሲደራጅ ሰፈሩ በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር ተመዘገበ። ቁጥሩ አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ ድሀውን በራስና በደጃዝማች ስም ከመጠራት አውጥቶታል። ሆኖም ሕዝቡ በመታወቂያው ላይ ቁጥሩን፣ በአንደበቱ ላይ አሮጌውን ስም ይዞ ሁለቱን ለየአገልግሎታቸው ሲጠቀምባቸው ኖረ። ይህን ሊያደርግ የቻለው ቁጥሩ ቢለወጥም ጎረቤቱ፣ እድሩና የውሃ ቦኖው ከነበሩበት ስላልተነቃነቁ ነው። የዛሬው መልሶ ማልማት ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው፤ ተናጋሪውን ከቦታው ያነሣል።

ይህ ሲባል የፈረሰው ቤት ሊወደስ የሚገባው ነበር ለማለት አይደለም። ጭቃው የረገፈ ግድግዳ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ብዙ አባወራ የሚጋራው መጸዳጃ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ጉራንጉር የኑሮ መከራ ነበር። ይህን ከሩቅ ሆኖ የትዝታ ጌጥ የሚያደርግ ጸሐፊ ለሰፈረኛው ወዳጅ አይሆነውም። አዲስ ሕንፃ አሮጌ ስም ቢይዝ ምንም እንደማይጎዳም ሰንጋ ተራ ያሳያል። የከብት ገበያው ካለፈ ዘመን ተቆጥሯል፤ በአካባቢው በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቷል፤ ሰው ግን ሰንጋ ተራ ማለቱን አልተወም፤ ባንኩም በበሬ ስም ምክንያት ክብሩን አላጣም።

ችግሩ ያለው ስሙ ቀርቶ ሰው ሲሄድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆኖ ከኗሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ በከተማይቱ ዳርቻ የተሠሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮችም በስማቸው ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኮረብታውን እንዲህ ብሎ የሰየመው ሕዝብ ልጅ የነበረው አርሶ አደር ማሳውን ለሕንፃው ለቋል፤ ስሙ ግን በአውቶቡስ ግንባር ላይ ተጽፎ ይመላለሳል። እንግዲህ ስምን ማቆየት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። «ቅርሱ ይጠበቅ» የሚለው ሁለተኛው አመለካከት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ኪነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን አድርጓል? ሕዝቡ ደጃች ውቤ ሰፈርን ውቤ በረሃ ብሎ ሲያዞረው የመኳንንቱን ስም ትቶለት ሰፈሩን በረሃ አድርጎበታል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ወደዚህ በረሃ ገብቶ የሴተኛ አዳሪዎቹን ሌሊት በራሳቸው አነጋገር ጽፏል። ድርሰቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታተም መቆየቱም ያ አነጋገር ለዘመኑ ጆሮ ምን ያህል ጎርባጣ እንደነበረ ያሳያል። የልቦለዱ ብርታት ስሙን ከተናጋሪዎቹ አለመነጠሉ ነው። የእርሱን ዱካ የተከተሉ ብዙ ጽሑፎች ግን መጠጡንና ጭፈራውን ወስደው ሴቶቹን ትተዋቸዋል። በሥዕል በኩል አዲስ ገዛኸኝ «ተንሳፋፊ ከተማ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ የከተማይቱን ቤቶች አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ ከመሬት አላቋቸዋል። በቀለም የደመቀው ሰፈር የሚቆምበት ምድር ማጣቱ ስለ መነቀል ከብዙ ንግግር ይልቅ ይናገራል። ይሁንና ሥዕሎቹ በተራ ቁጥር የተለዩ በመሆናቸው ተመልካቹ የማን ሰፈር እንደተንሳፈፈ ሳያውቅ በውበቱ ተደስቶ ሊሄድ ይችላል። ቁጥር የጎደለውን ነገር ሥነ ጥበብ ሊሞላ ሲገባው አንዳንዴ እርሱም በቁጥር ይረካል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር የተወሳሰበ አይደለም። የከተማ ፕላን የሚያዘጋጀው ክፍል ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ቤቶቹን እንደሚቆጥር ሁሉ ስሞቹንም ከነወጋቸው ከኗሪው አፍ መመዝገብ፣ በሚሠራውም አደባባይ ላይ አሮጌውን ስም ሳያሽሞነሙን ማኖር ይገባዋል። መምህሩ የአካባቢውን ስም ለተማሪዎቹ የአማርኛና የታሪክ ትምህርት መልመጃ ሊያደርገው ይችላል። ደራሲውና ሠዓሊውም የፈረሰውን ሰፈር ብቻ ሳይሆን የተበተነውን ሰው አድራሻ መፈለግ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ግን በአንድ እድር ሲቀባበሩ የኖሩ ጎረቤቶች ሲዛወሩ በአንድነት የሚሰፍሩበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። ጎረቤት ባለበት ስም ይወለዳል፤ በአዲሱ መንደር ያሉ ልጆችም የብሎካቸውን ቁጥር ትተው ሌላ ጎርባጣ ስም ማውጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስሙን ለመፋቅ ከመቸኮል በፊት የሚለውን ማድመጥ ይሻላል። እሪ በከንቱ የሚለው ስም የሚሻረው ሰሌዳው ስለተነቀለ አይደለም፤ እሪታውን ሰምቶ የደረሰ ሲገኝ ነው።