«ዘፋኝነት» እና «ኮሞስ»፦ የአንድ ትርጉም ምርመራ

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በገላትያ 5፥21 ከተዘረዘሩት የሥጋ ሥራዎች አንዱ «ዘፋኝነት» ተብሏል። የግሪክኛው ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ በጥንታውያን ግሪኮች ልማድ፣ ከግብዣ የተነሡ ጠጪዎች የአበባ አክሊል ደፍተው፣ ችቦ ይዘው፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ በሌሊት በየመንገዱ የሚያሰሙት ሁካታ ነው። ዘፈን አለበት፤ ዘፈን ማለት ግን አይደለም።

ቃሉ በአዲስ ኪዳን በሦስት ስፍራ ብቻ ይገኛል፤ እነዚህም ሮሜ 13፥13፣ ገላትያ 5፥21 እና 1ኛ ጴጥሮስ 4፥3 ናቸው። በሦስቱም በብዙ ቁጥር ተነግሯል፤ በሦስቱም ጎረቤቱ ስካር ወይም መጠጥ ነው። ፍቺውን የሚወስነውም ይህ ጉርብትና ነው።

ተርጓሚዎቹን ባላዋቂነት መውቀስ ግን አይገባም። «ዘፈነ» በግእዝ መጨፈር ማለት ነው፤ ዲልማንም በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት እንዲሁ ፈትቶታል። ይኸው የአማርኛ ትርጉም የሄሮድያዳን ልጅ ጭፈራም (ማቴዎስ 14፥6)፣ ለጠፋው ልጅ መመለስ የተደረገውን የደስታ ጭፈራም (ሉቃስ 15፥25) በዚሁ ቃል ገልጿል። ዛሬ ግን «ዘፈን» ከመዝሙር ተለይቶ የዓለማዊ ዜማ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ አንባቢው የተወገዘው ሁካታው ሳይሆን ዜማው ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቅጥያው ነው። «-ነት» «ዘፋኝ» በሚለው ላይ ሲጨመር ድርጊቱን ትቶ ሙያውን ይሰይማል። ግሪክኛው የነቀፈው የአንድ ሌሊት አድራጎትን ነበር፤ አማርኛው መተዳደሪያን የነቀፈ ሆነ። ድምፃዊነት በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉ ወገኖች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንኑ ቁጥር ነው።

ምን ይተካው? «ጭፈራ» ብንል የጥምቀትንም ጭፈራ እንነካለን። «አስረሽ ምቺው» በፍቺ እጅግ ይቀርባል፤ የአነጋገሩ ደረጃ ግን ለቅዱስ ጽሑፍ አይመጥንም። በእኛ አስተያየት «ፈንጠዝያ» ይሻላል። ብቻውን ሲቆም ነውር የሌለበትን ደስታ ሊያመለክት ቢችልም፣ ከስካር ጎን ሲሰለፍ ነቀፌታውን ይሸከማል። በመዝገበ ቃላት ግን ኮሞስ «የስካር ፈንጠዝያ» ተብሎ ሊፈታ ይገባል።

ዘፈን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው የሃይማኖት ሊቃውንት ጉዳይ ነው። የእኛ ድርሻ ፍርዱ ፍቺው በተለወጠ ቃል ላይ እንዳይመሠረት ማሳሰብ ነው።