ስለ ማሚቶና ስለ ሁለት ድምፅ ማጉያ

የ«ኵዊን» ባንድ ጊታር መቺ ብራያን ሜይ፥ በ1974 እ. ኤ. አ. በወጣው «ብራይተን ሮክ» ዘግይቶ የሚመለሰውን ማሚቶ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ተጫዋች አድርጎ ሠርቶበታል። በመድረክም ዋናውን ድምፅና ማሚቶውን ወደ ተለያዩ ማጉያዎች ይልክ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ በተጋጋለ ማጉያ ውስጥ ከተገናኙ ይደበላለቃሉና። ዛሬ ይህንኑ ባለ ሁለት መውጫ የስቴሪዮ ፔዳል ሊፈጽመው ይችላል።

ነገር ግን ማሚቶን ከግራ ወደ ቀኝ ማመላለስ ብቻውን ጥበብ ነው ለማለት አንደፍርም፤ በአዳራሹ ጥግ የተቀመጠ ሰው በቅጡ የሚሰማው ግማሹን ነው። ስለዚህ ማሚቶው ለዜማው መልስ የሚሰጥ ሲሆን ይለይ፤ የድምፁ ጥራት ጉዳቱን ይክሳል። ጌጥ ብቻ ሲሆን ግን ከሁለቱም ማጉያ እኩል ይውጣ እንላለን። መለየቱን ማዘዝ የሚገባው ዜማው እንጂ መሣሪያው አይደለም።