«ቋት» ወይስ «መረብ»?
ስለ አንድ ቃል የቀረበ ሂስ

አዲስ ነገር ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ወይ የመጣበትን ስም ይዞ ይገባል፥ ወይም ከአገሩ ቋንቋ ስም ይዋሳል። ባቡርና መኪና ስማቸውን ይዘው የገቡ ናቸው። ኤሌክትሪክ ግን ስሙን ይዞ ቢገባም፥ በሕዝቡ አፍ የሚጠራው ከመጀመሪያ ሥራው በተወሰደው «መብራት» በሚለው ቃል ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም ስሙና አቋሙ ደጋግሞ ቢለዋወጥ፥ በ2006 ዓ.ም. እንኳ ኃይል አመንጪውና አከፋፋዩ በሁለት ድርጅት ቢከፈል፥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሕዝብ ነገርን በሚጠቅመው ጥቅም ይሰይማልና።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን «መብራት» የሚለውን ሳይሆን፥ ከእርሱ በኋላ መጥቶ ዛሬ በጋዜጣውም በሬዲዮውም በመግለጫውም የነገሠውን «ብሔራዊ የኃይል ቋት» የተባለውን አጠራር ነው። ጸሐፊዎቻችን ይህን ያህል ሜጋዋት ወደ ብሔራዊ ቋት ገባ ብለው ሲጽፉ ቃሉ ያማረና የአገር ጣዕም ያለው በመሆኑ ማንም አንባቢ ቆም ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ያማረ ቃል ሁሉ እውነተኛ ቃል አይደለም።

ቋት ማለት የባላገር ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው እህል ወይም ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው። ወፍጮው ይፈጫል፥ ቋቱም ይቀበላል፤ ዛሬ የገባው ነገ ይዛቃል። ባለቤቱ ቢተኛም፥ ወፍጮው ቢቆምም፥ የገባው ዱቄት በቦታው ይቆያል።

የኤሌክትሪክ መስመር ግን ከዚህ ጠባይ አንዱም የለውም። በአገሪቱ የሚመነጨውና በአገሪቱ የሚበላው ኃይል በእያንዳንዱ ቅጽበት መተካከል አለባቸው። የኤሌክትሪኩ ሞገድ በእኛ አገር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚበላው ከሚመነጨው የበለጠ እንደሆነ ተርባይኖቹ ይከብዳቸውና ሞገዱ ይዘገያል። መዘግየቱ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ማመንጫዎቹ እንዳይሰበሩ ራሳቸውን ከመስመሩ ይለያሉ፤ አንዱ ሲለይ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም በተራቸው ይለያሉ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም አገር ይጨልማል። ስለዚህ ነገሩ ምሳሌ ካስፈለገው ቋትን ሳይሆን ሕመምተኛ የሚወሰድበትን ቃሬዛ ይመስላል። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አስተካክለው መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ቢለቅ ክብደቱ በባልንጀሮቹ ትከሻ ላይ ነው።

ሂስ አቅራቢ ለሚነቅፈውም ነገር ጠበቃ መሆን ይገባዋልና፥ ስለ ቃሉ የሚባለውን መልካም ነገር እንናገር። ከግድብ ኋላ የተኛው ውሃ በእርግጥ ቋት ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ ያቆያል። ወደፊት የሚተከሉ ትላልቅ ባትሪዎችም ለጥቂት ሰዓት ያህል ቋት ሊሆኑ ይችላሉ። ስሕተቱ እንግዲህ ቃሉ መኖሩ አይደለም፤ የሐይቁን ስም ለሽቦው መስጠታችን ነው።

«የቃል ጉዳይ ብቻ ከሆነ ምን አለበት?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቃል ግን ሐሳብን ይመራል፥ ሐሳብም ሥራን ይመራል። ቋት ያለው ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ መሙላት ነው፤ እኛም በጽሑፋችን ስንሞላ ኖረናል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋዋት ገደማ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት፥ ማለት የቆቃን 120 እጥፍ ያህል ነው። ይህ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ታላቅ ሥራ ነውና ስለ እርሱ ብዙ ቢገጠም አይበዛም። ሆኖም ስለ ግድብ የተጻፈው ክምር ሲሆን፥ ስለ ምሰሶ፥ ስለ ማከፋፈያ ጣቢያ፥ ስለ ትራንስፎርመር የተጻፈ አንድ ስንኝ እንኳ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አላጋጠመውም።

በዚህም የተነሣ፥ የከፍተኛ ኃይል መስመር በደጃፉ አልፎ እርሱ ግን በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ ሲጠይቀን የምንመልስለት አጥተናል። ቋቱ ሞልቷል ብለን ነግረነዋልና፥ ለምን አይዛቅልኝም ቢል ይገባዋል። እውነቱ ግን እንደሚከተለው ነው። ኃይል ሩቅ አገር የሚሄደው ግፊቱ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን በመንገድ የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500,000 ቮልት የሆነው ስለዚህ ነው። ይህን ኃይል ወደ ጎጆ ለማስገባት ማከፋፈያ ጣቢያ፥ ከዚያ ዝቅ ያለ መስመር፥ ከዚያ ትራንስፎርመር፥ ከዚያም ቆጣሪ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ግድቡ ለዚያ ሰው እንዳልተሠራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ዕቅድ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ100 ሰው 65ቱን በመስመር፥ 35ቱን ደግሞ ከመስመር ውጭ እንደ ፀሐይ ባለ ኃይል ለማዳረስ ነበር። ዘመኑ ደርሶ አልፏል፤ ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ ግን ገና በጨለማ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ሰዓትን ማስረሳቱ ነው። ከቋት ማታም ሌሊትም ቢዛቅ ዱቄቱ ያው ነው። በመስመር ላይ ግን የምሽት ኃይልና የሌሊት ኃይል አንድ አይደሉም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ይህም 300 ባለ 10 ዋት አምፖል እንደ ማብራት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ምሽት እንጀራ ሲጋግር የሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚቃጠለው፥ በአባይ ላይ ውሃ ስላነሰ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በየቤቱ ተጨምሯል። ባለ መኪናው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢሞላ ጎረቤቱን አይነካም፤ በምሽት ቢሞላ ግን ከምጣዱ ጋር ይሻማል። ይህን ሰው የሚያስተምረው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ቃልም ነው።

ሦስተኛው፥ ቋት ያለው ሰው አንድ ታላቅ ጎተራ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። እኛም ኃይላችንን ከሞላ ጎደል በውሃ ላይ ጥለናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ውሃ ባነሰ ጊዜ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መሆኑን፥ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚላከውም መቋረጡን የረሳ የለም። መረብ ግን ልዩ ልዩ ክር ይፈልጋል። በአሸጎዳና በአዳማ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች በደረቁ ወራት፥ ማለት ውሃው በሚሳሳበት ጊዜ፥ በደንብ ይሠራሉ፤ እነርሱ ሲዞሩ የግድቡ ውሃ ይቆጠባል።

ስለ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰውና በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል መሸጥ የጀመረው መስመር፥ በቋት ዓይን ሲታይ እህላችን የሚፈስበት ቀዳዳ ይመስላል። በመረብ ዓይን ሲታይ ግን እኛ በጎደለብን ቀን ድጋፍ ሊመጣ የሚችልበት መንገድ ነው። እንዲህም ሆኖ፥ ኃይል ለጎረቤት ሲሸጥ ለራሱ ገጠር ያልደረሰ አገር ለምን ተብሎ መጠየቁ ቅሬታ ሳይሆን ፍትሕ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በአገር ውስጥ በሚዘረጋው ሽቦ ብቻ ነው።

«መረብ» የሚለው ቃልም ያለ ነቀፋ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ቀድሞ ወስዶታል፥ የኢንተርኔትም ሰዎች ተሻምተውታል። ነገር ግን ቃሉ በየቋጠሮው እንደሚኖር፥ በአንድ ወገን የተቀደደም በሌላው እንደሚላላ ያስተምራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ኤሌክትሪክን ሳያዩ ነገሩን አግኝተውታል።

ስለዚህ ለጸሐፊዎቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ቋትን ለሐይቁ፥ መረብን ለመስመሩ እንስጥ። በምረቃ ቀን ስለ ሜጋዋቱ ስንጽፍ፥ ስንት ቤት እንደ ደረሰም አብረን እንጻፍ። ግድቡ ተፈጽሟል፤ የቀረው ሥራ ከግድቡ እስከ ጎጆው ያለው ነው። ይህም ብዙ ዓመት የሚወስድ፥ ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ ስለ ሆነ፥ ከብዕር ድጋፍ የሚፈልገው እርሱ ነው።