ያልቸኮለ እምቡጥ

ከአንድ እናት የተወሰደ የጽጌረዳ ችግኝ ግማሹ ሆለታ፣ ግማሹ ባቱ ቢተከል፣ ከዓመት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ማሳመን ያስቸግራል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ባቱ 1,640 አካባቢ። ባቱ ላይ ዘንጉ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ የሚቀጥለው አበባ እስኪደርስ 7 ሳምንት ገደማ ቢፈጅ ነው። ሆለታ 10 ሳምንት ይወስዳል፤ ብርዱ ሲጠና ከዚያም ያልፋል። የዘገየው ግን ወፈር ያለ ዘንግ ላይ፣ ቁመቱ 5 እና 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እምቡጥ ተሸክሞ ይመጣል። የቸኮለው ቀጠንና አነስ ይላል፤ በቁጥር ግን ይበልጣል። አበባ አምራቹ ይህን ስለሚያውቅ ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸውን ዝርያዎች ለደጋ፣ መካከለኞቹንና ትንንሾቹን ለስምጥ ሸለቆ ይመድባል። ኢኳዶሮች ካያምቤ ላይ 2,800 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ይዘው በዓለም ገበያ በትልቅ አበባ ስማቸው የተጠራው በሌላ ምስጢር አይደለም።

ብዙ ሰው ትልቅ አበባ የማዳበሪያ ውጤት ይመስለዋል። ማዳበሪያም ድርሻ አለው፤ እኔ ግን በአበባ ሥራ በቆየሁ ቁጥር ዋናው ጊዜ ነው ወደሚለው እያደላሁ ሄጃለሁ። ተክሉ ስኳሩን የሚሠራው በብርሃን ነው። ከአንዱ የዕድገት ደረጃ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ በይበልጥ ሙቀት ነው። ደጋ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ስኳር ሲያመርት ይውላል፣ እምቡጡ ግን ለመፈንዳት አይጣደፍም፤ የሚላክለትን እየተቀበለ ይሞላል። ሌሊቱም ያግዘዋል። ተክል ሌሊትም ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ቀን ያጠራቀመውን ያቃጥላል፤ ሌሊቱ ከሞቀ ብዙ፣ ከቀዘቀዘ ጥቂት። ቆላ ላይ ቀን የተሠራው ስኳር ከፊሉ እምቡጡ ጋ ሳይደርስ ሌሊት ያልቃል።

ከዕድገቱ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ መጀመሪያው ነው። ዘንጉ ተቆርጦ በቀረው ጉቶ ላይ፣ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ብብት፣ ምስር የምታህል ቀላ ያለች ዓይን አለች። ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንት ያህል ምንም የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ በጥፍር የሚቀነጠስ ለስላሳ ቀንበጥ ብቅ ይላል። ይኼ ቀንበጥ ገና የጣት አንጓ ሳያክል በጫፉ ውስጥ አበባው ተጀምሯል። ላዩ ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ በምላጭ ሰንጥቆ በማጉያ መነጽር ላየው ግን የአበባው መሠረት ክብ ክብ እየሠራ ሲደረደር ይታያል። አበባው ስንት ቅጠል እንደሚኖረው የሚወሰነው ያን ሰሞን ነው። ከዚያ ዘንጉ ይሮጣል፤ ደህና ፀሐይ ካገኘ በቀን 2 ሴንቲ ሜትር መጨመሩ ብርቅ አይደለም። አተር የምታህል እምቡጥ ጫፉ ላይ ስትታይ ሩጫው ይበርዳል፣ ዘንጉ ርዝመቱን ይጨርስና ተራው የእምቡጡ ይሆናል። የቀሩት ሦስት አራት ሳምንታት በአብዛኛው አዲስ ነገር የሚጀመርባቸው አይደሉም፤ ቀድሞ የተሠራው በውሃና በስኳር የሚነፋባቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ግቢ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው "አበባው አነሰብኝ" ተብሎ ነው። ገርጂ አካባቢ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ዩሪያውንም ፍጉንም አልነፈግኩትም። ቅጠሉ እንደ ጉድ ሰፋ፤ አበባው ግን ከአምናው አነሰ" አሉኝ።

"ዩሪያውን መቼ ነው የሚጨምሩለት፣ እማማ?"

"እምቡጡን ሳይ ነዋ! በርታ ብዬው።"

ደግነታቸው ደስ ይላል። ግን እምቡጡ ሲታይ ዋናው ነገር አልፏል። የአበባው ቅጠሎች ተቆጥረው፣ የዘንጉም ውፍረት በአመዛኙ ተወስኖ አልቋል። በዚያ ሰዓት የሚገባው ዩሪያ ቅጠልና ለምለም ቀንበጥ ያበዛል፤ ለምለም ቀንበጥ ደግሞ ክሽክሽ ይጠራል። እምቡጡ ሲያብጥ የሚፈልገው የማይቋረጥ ውሃ ነው፤ አንድ ሳምንት ከተጠማ ያነሰው አንሶ ይቀራል። ፍጉና ብስባሹ የሚገባው ከመቆረጡ በፊት ወይም በተቆረጠ ሰሞን፣ ዓይኗ ስትነቃ ነው። ደግሞም የእማማ ጽጌረዳ ዋና ችግር ማዳበሪያው አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ፎቅ አቁሟል፤ ተክሉ ከሰባት ሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ ነው፣ ጠዋትም ቢሆን የራሳቸው አቮካዶ ይጋርደዋል። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ዘንጉ እየቀጠነ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል። ፀሐይን የሚተካ ከረጢት ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። አቮካዶው ይቆረጥ ማለት ግን ከባድ ነገር ስለሆነ ጽጌረዳው ወደ በሩ በኩል እንዲዛወር ተስማማን።

እጅ የሚጨምረው ነገርም አለ። ዋናው እምቡጥ አተር ሲያክል ከሥሩ ባሉት ቅጠሎች ብብት የጎን እምቡጦች ይበቅላሉ። ያን ጊዜ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ነው፤ ጠቅ ብሎ ይነቀላል፣ ቦታው ወዲያው ይደርቃል። ሳምንት ከቆየ ግን ዘንጉን ይልጣል፣ ስኳሩንም ሲካፈል ከርሟል። እርሻ ላይ ዲስባዲንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ የለመዱት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንዱን መደብ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሲያልፉ፣ ወንዶቹ ገና መሐል ላይ ነን። ሌላው ቤንዲንግ ነው። ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ደህና አበባ አይሸከምም፤ እርሻ ላይ ግን ቆርጠን አንጥለውም፣ ከሥሩ ሳይሰበር አጥፈን ወደ መንገዱ እናስተኛዋለን። አበባ ባያወጣም ቅጠሉ ስኳር እየሠራ ወፍራሞቹን ይቀልባል። የከተማ አትክልተኛ ግን ንጹሕ ቁጥቋጦ ይወዳል፤ ቀጫጭኑን ሁሉ መልምሎ ሦስት አራት ራቁታቸውን የቆሙ ግንዶች ያስቀራል፣ ከነዚያ ትልቅ አበባ ይጠብቃል። እኔ የተዝረከረከና ቅጠሉ የበዛ ጽጌረዳ ባይ እመርጣለሁ። አበባ ስቆርጥም እንደ ስስታም ነኝ፤ አምስት አምስት ሆነው የወጡ ቅጠሎች ያሉትን ሁለት አንጓ ትቼ ከበላዩ ነው መቀሱን የማሳርፈው።

ታዲያ መዘግየት ሁልጊዜ ያተልቃል ማለት አይደለም። ብርዱ ልክ ሲያልፍ አበባው ቅጠል ያበዛና ጫፉ ሾጣጣ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ መሐሉም በወጉ አይከፈትም፤ ቡልሄድ ይሉታል፣ ገዢ አይነካውም። አንዳንዱ ቀንበጥ ደግሞ እምቡጡን ገና በጨቅላው ያመክንና ቅጠል ብቻ ይዞ ይቆማል። ክረምትም ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተክሉ እንደ ኅዳር ይዘገያል፤ ደመናው ግን ብርሃኑን ስለሚነጥቀው በዚያ ሁሉ ቀን የሚጠራቀም ስኳር የለም። ዘንጉ ይለሰልሳል፣ ጭንቅላቱ ያንሳል፣ የአበባው ውጫዊ ቅጠሎች ላይ ግራጫው ሻጋታ ነጠብጣቡን ይተዋል። ጊዜ የሚጠቅመው በብርሃን ሲሞላ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ደጋ እንዲህ ያማረ አበባ የሚያወጣው ሌሊቱ ስለሚበርድ ብቻ ሳይሆን ቀኑ ጥርት ያለ ስለሆነ ነው፤ ውርጭ ከወረደ ግን ያለ ፕላስቲክ የቆመው ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል።

ትልቅ ሁሉ መልካም ነው የሚል እምነት የለኝም። ገበያው ራሱ በጭንቅላት ብቻ አይመራም፤ አበባው የሚመደበው በዘንግ ርዝመት፣ በሴንቲ ሜትር 40፣ 50፣ 60 እየተባለ ነው። ሽታ ደግሞ ለትልቅነትና ለረጅም ጉዞ ሲባል ከብዙ ዝርያዎች የጠፋ ነገር ነው። በየገደሉና በየአጥሩ ላይ የሚንጠላጠለው ቀጋ፣ ከሰሃራ በታች አፍሪካ ያበቀለችው የዱር ጽጌረዳ፣ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ነው ያለው፤ ሽታው ግን መንገደኛ ያስቆማል። እሱን ማንም ለክቶት አያውቅም፤ ልጆች የሚጠብቁት ፍሬው ሲቀላ ነው።

የሚለካ አበባ ለሚፈልግ ግን ሒሳቡ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው። ለቫለንታይን የሚላከው ጽጌረዳ የሚቆረጠው ጥር መጨረሻ ላይ ስለሆነ ደጋዎቹ ኅዳር አጋማሽ፣ ባቱዎቹ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ዘንጉን ይቀነጥሳሉ፤ የሦስት ሳምንቱ ልዩነት ያው የከፍታው ልዩነት ነው። በመኖሪያ ግቢም ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ለጥር ሠርግ የሚፈልግ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ይግረዝ፣ ፍጉንም ያኔ ይስጠው፤ ኮልፌና እንጦጦ ሥር ያለ ሰው ሳምንት ያህል ያስቀድም፣ አቃቂ በኩል ያለ ትንሽ ቢቆይም ይደርሳል። ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ሊያቆም ሲል የሚገረዝ ደግሞ ኅዳር ላይ ያብባል፤ እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ ይኼኛውን ነው የምወስደው፣ የመኸሩ ፀሐይ ከመጀመሪያው ቀንበጥ እስከ መጨረሻው እምቡጥ አብሮት ስለሚከርም።