የነፃነት እጅ እና የቡና ቅጠል፦ ስለ አንድ የብራዚል መታሰቢያ ቴምብር

የፖስታ ቴምብር በመጠኑ አነስተኛ፣ በዋጋውም ርካሽ የኅትመት ሥራ ነው። ነገር ግን በሥዕል አዳራሽ ከተሰቀለ ታላቅ ሥራ ይልቅ የሚያየው ሰው ይበዛል። ሥዕል ለማየት ብሎ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር በእጁ ይዞ ይመለከተዋል። ከዚህም ሌላ ቴምብር በመንግሥት ፈቃድ የሚታተም ስለ ሆነ፣ አንድ ሥርዓት ስለ ራሱ ታሪክ ምን ሊናገር፣ ምንስ ሊሸሽግ እንደ ፈለገ ይገልጣል። ስለዚህ መታሰቢያ ቴምብርን የሰብሳቢዎች መዝናኛ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ በይዘቱም በቅርጹም ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው ብራዚል በፌብሩዋሪ 1928 ያወጣችውን የቡና መታሰቢያ ቴምብር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቴምብሩ የቡና ተክል ወደ ብራዚል የገባበትን 200ኛ ዓመት ለመዘከር በ100፣ በ200 እና በ300 ሬይስ ዋጋ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ቀለማት ታትሟል። ሥዕሉ በሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ ነፃነት በሴት አምሳል ተሥላ የቡና ቅጠል ይዛ ትታያለች።

በቅርጹ ረገድ ሠዓሊው የተሰጠውን ሥራ አልሳተም። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ማጨቅ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፤ አንዲት ሴትና አንድ ቅጠል ግን በቀላሉ ይነበባሉ። ምልክቶቹም ለብራዚላዊ ተመልካች እንግዳ አልነበሩም። የቡና ዘለላ ሀገሪቱ ከፖርቱጋል ከተላቀቀችበት ከ1822 ጀምሮ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ የነበረ፣ በ1889 የተመሠረተው ሪፐብሊክም በዓርማው ያስቀረው ምልክት ነው። በሴት የምትመሰለው ነፃነትም የዚሁ ሪፐብሊክ መለያ ነበረች። ጥያቄያችን ስለ ሥዕሉ አሣሣል ሳይሆን፣ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲቆሙ ስለሚሰጡት ትርጉም ነው። የቡናን ቅጠል በነፃነት እጅ ማስያዝ ከታሪክ ጋር ይስማማልን?

ቴምብሩ የሚዘክረው ድርጊት የተፈጸመው በ1727 ነው። ፍራንሲስኮ ደ ሜሎ ፓልዬታ የተባለ መኮንን በድንበር ጉዳይ ከፓራ ወደ ፈረንሳይ ይዞታ ወደ ካየን ተልኮ ሄደ። ፈረንሳዮች የቡና ዘር ከግዛታቸው እንዳይወጣ ይከለክሉ ስለ ነበር ዘሩን ይዞ የተመለሰው በስውር ነው። አፈ ታሪክ እንደሚለው ዘሩን በአበባ እቅፍ ውስጥ ሸሽጋ የሰጠችው የካየን አገረ ገዥ ሚስት ናት። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በአፈ ታሪኩ ቡናን የምትሰጠው አንዲት እመቤት ናት፤ በቴምብሩም ላይ ቡናን ይዛ የምትታየው አንዲት እመቤት ናት። ሁለቱም አልተከሉም፣ አልኮተኮቱም፣ አልለቀሙም። ሥራው ከታሪኩ ወጥቶ ስጦታ ብቻ ቀርቷል።

የዘሩ ጉዞ ሲመረመር ደግሞ መነሻው ካየን አይደለም። የአረቢካ ቡና በዱር የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ከዚህ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ለማ፤ በሞካ ወደብም የዓለም ሸቀጥ ሆነ። ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ጃቫ ወሰዱት፤ በ1706 አንድ ተክል አምስተርዳም ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ሱሪናም፣ ከሱሪናም ወደ ጎረቤቷ ካየን ተሻገረ። በየደረጃው ዘሩን የያዘው ኃይል ሌላው እንዳያገኘው አጥር አጥሯል፤ በየደረጃውም አጥሩ ፈርሷል። እንግዲህ «ወደ ብራዚል ገባ» የሚለው መታሰቢያ የረጅም ሰንሰለት የመጨረሻዋን ቀለበት ብቻ ቆርጦ የያዘ ነው።

ዋናው ጉድለት ግን ከዚህ ይብሳል። ከሚዘከረው 200 ዓመት ውስጥ 161ዱ በብራዚል ባርነት በሕግ የጸናበት ዘመን ነበር። ቡና በ19ኛው መቶ ዓመት በፓራኢባ ሸለቆ ሲስፋፋ ደኑን የመነጠረው፣ ችግኙን የተከለው፣ ፍሬውንም የለቀመው በባርነት የተያዘው አፍሪካዊና ዘሩ ነው። የባሪያ ንግድን ለመከልከል በ1831 የወጣው ሕግ በወረቀት ላይ ቀርቶ፣ ንግዱ በእርግጥ የቆመው ከ1850 በኋላ ነበር። በሪዮ ደ ጃኔሮ የሚገኘው የቫሎንጎ የመርከብ ማራገፊያ ብቻ ወደ 900,000 የሚገመቱ አፍሪካውያን የረገጡት መሬት ነው፤ ስፍራው በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ብራዚል ባርነትን ያስወገደችው በሜይ 1888፣ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም አገሮች ሁሉ መጨረሻ ነው። ያለ ካሣ ባሪያዎቻቸውን ያጡ ብዙ ባለ እርሻዎች ዘውዱን ከድተው በዓመቱ የመጣውን ሪፐብሊክ ተቀበሉ። ስለዚህ በቴምብሩ ላይ ያለችው ነፃነት የማን ነፃነት እንደ ሆነች መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከ1888 በኋላም ቢሆን የለቃሚው ኑሮ አልተቃናም። በባሪያው ቦታ የጣሊያን ስደተኞች በብዛት ወደ ሳኦ ፓውሎ እርሻዎች ገቡ። የአያያዙ ክፋት በመሰማቱ የጣሊያን መንግሥት በ1902 በብራዚል ገንዘብ የሚደረገውን የስደተኞች ጉዞ እስከ መከልከል ደረሰ። ባለ እርሻዎቹ ግን የመንግሥትን ሥልጣን በእጃቸው አድርገው ነበር። ምርት ከፍላጎት በላይ ሲሆን በ1906 የሳኦ ፓውሎ፣ የሚናስ ዤራይስና የሪዮ ደ ጃኔሮ ክፍለ ሀገሮች በታውባቴ ተስማምተው፣ ትርፉን ቡና በብድር ገዝተው በማከማቸት ዋጋውን ደገፉ። ቴምብሩ የወጣው ይህ አሠራር በጣራው ላይ በደረሰበት ሰዓት ነበር። በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ፣ በኦክቶበር 1929፣ የዓለም ገበያ ተናጋ፤ በ1930 መንግሥቱ ወደቀ። ከ1931 እስከ 1944 ድረስ ወደ 78 ሚሊዮን ጆንያ ቡና ዋጋ ለማስጠበቅ ሲባል ተቃጥሎ፣ ወይም በሌላ መንገድ ወድሞ ቀረ። ቃጠሎው ገና ሳይቆም በ1938 በወጣ ሌላ ቴምብር ላይ የቡና ጆንያዎች ተሥለው ይታያሉ። በዐሥር ዓመት ውስጥ እመቤቲቱ ሄዳ ሸቀጡ በቦታዋ ተተካ፤ ሠራተኛው ግን አሁንም አልመጣም።

«ቴምብር የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ ከትንሽ ወረቀት ይህን ሁሉ መጠበቅ ግፍ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የቦታ ጥበት ምን እንደሚሣል አይወስንም፤ ለአንዲት እመቤት የበቃ ቦታ ለአንድ ለቃሚ እጅም ይበቃል። ይህ የሚቻል ለመሆኑ ምስክሩ እዚያው ብራዚል ውስጥ ይገኛል። በቡና እርሻ ላይ ከጣሊያን ስደተኞች የተወለደው ሠዓሊ ካንዲዶ ፖርቲናሪ በ1935 «ቡና» የተሰኘውን ሥዕሉን አቀረበ። በዚያ ሥዕል ላይ ሰዎቹ ጆንያ ተሸክመው ይጓዛሉ፤ እጃቸውና እግራቸው ከልክ በላይ ገዝፏል፤ አለቃው በተዘረጋ ክንዱ ያዝዛል። ሥዕሉ በዚያው ዓመት በፒትስበርግ በካርኔጊ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የምስጋና ሽልማት አገኘ። ፖርቲናሪ ያጋነነው እጅ፣ ቴምብሩ የሰረዘው እጅ ነው።

ይህን ሂስ በሩቅ አገር ላይ ወርውሮ መቀመጥ ግን ለእኛ ቀላል መንገድ ይሆናል። «የቡና መገኛ ነን» የሚለው ኩራታችን እውነተኛ ነው፤ ሆኖም እርሱም ከደኑ ተነሥቶ በስኒው ላይ የሚያርፍ፣ መካከሉን የሚዘል ታሪክ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የከፋ መንግሥት በ1897 ከተሸነፈ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በባሪያ ፍንገላ እጅግ ተመናምኗል። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ጭሰኛውም እስከ 1975ቱ (1967 ዓ.ም.) የመሬት አዋጅ ድረስ ከለቀመው ቡና ላይ ለባለ መሬት ሲያካፍል ኖሯል። በየማስታወቂያውና በየፖስተሩ የምናየው ጀበና፣ ረከቦትና በጥበብ ቀሚስ የተዋበች ሴት መልካም ሥዕል ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ከብራዚሏ እመቤት የሚለየው በልብሱ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ቴምብር በክፍል ውስጥ ቢያሳይ፣ ተማሪዎቹ ስለተሣለው ብቻ ሳይሆን ስላልተሣለውም እንዲጠይቁ ቢያደርግ፣ ከአንድ ምዕራፍ የማያንስ ትምህርት ያገኙበታል። ሠዓሊውም መታሰቢያ እንዲሠራ ሲታዘዝ የሚዘከረው ነገር በማን ጉልበት እንደ ተገኘ አስቀድሞ ቢመረምር ሥራው ከበዓሉ በኋላ ይኖራል። የ1928ቱ ቴምብር በሥዕል ችሎታ የወደቀ ሥራ አይደለም። የወደቀው ነፃነትን ለመሣል ሲነሣ፣ በሕግ እንኳ ነፃ ለመባል 161 ዓመት የጠበቁትን ሰዎች በመርሳቱ ነው።